ጥቁሩን አሸዋ አትድፉብኝ

ልጁን በየማታው ያስለቅሳታል ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። አስለቅሳታለሁ። ዛሬ ማታም ካለቀሰች ታልቅስ፤ እኔም አብሬያት አለቅስ ይሆናል። ከዚያ እንተኛለን።

ነገሩ ለሰሚ ክፉ እንደሚመስል አውቃለሁ። እናቷ ከሞተች ዓመት ያልሞላት የሰባት ዓመት ልጅ እራቷን በልታ፣ እግሯን ታጥባ አንገረብ የምንለው የጠፍር አልጋችን ላይ ትወጣለች። አባት የተባለው ሰው ደግሞ ተረት አውርቶ በማስተኛት ፈንታ "ዛሬ ምን ከበደሽ?" ብሎ ይጠይቃታል። ሰው ሁሉ "እርሺው" ሲላት እኔ "አስታውሺ" እላታለሁ። ለምን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። የመጣው ሁሉ የመጣው ሊከለክለኝ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

ሚስቴ ዐፊፋ የመንጌ አገር ልጅ ናት። እኔ ሙዐዊያ ግን አሶሳ ተወልጄ፣ ገበያው ዳር ከስፌት መኪና ሥር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወርቅ የማውቀው በሰው ጆሮ ላይ ነው። እሷ ከእናቷ ከእማማ ብኸይታ ጋር ወንዝ እየወረደች ወርቅ ስታጥብ ነው ያደገችው። በእነሱ ዘንድ ወርቅ የሚታጠበው በእንጨት ገበቴ ነው። ከጉድጓድ የወጣውን አፈር ገበቴው ላይ ያደርጉና ውሃ ውስጥ ነከር እያደረጉ ያዞሩታል። ጭቃው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ድንጋዩን በእጅ እየለቀሙ ይጥሉታል። ቀላሉ አሸዋ በጠርዙ በኩል ይፈስሳል። በመጨረሻ ገበቴው ሥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ ከባድ፣ እንደ ባሩድ የጠቆረ። ወርቅ ካለ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

"ወንዝ የማያውቅ ሰው ጥቁሩን ሲያይ ቆሻሻ ይመስለውና ይደፋዋል" ትለኝ ነበር ዐፊፋ። "ምን እንደደፋም አያውቅም። ባዶ ገበቴውን ይዞ፣ ዛሬ ወርቅ የለም እያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

ይህን ሥራዋን ወደ መኝታችን አመጣችው። ልጃችን ሳሊማ አፏን ከፈታች ጀምሮ፣ ከመተኛታቸው በፊት ሁለቱ አንገረቡ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና ዐፊፋ "ገበቴሽን አምጪ" ትላለች። ሳሊማ ሁለት እጆቿን ገጥማ ትዘረጋለች።

"ቀኑን ጨምሪበት።"

ልጅቷ ከጠዋት ጀምራ ትናገራለች። የጎረቤት ፍየል የማሰሪያ ገመዷን በላች። ማንጠግቦሽ አኮረፈችኝ። ማንጠግቦሽ ከፓዌ መጥተው እኛ ሰፈር የተከራዩ ሰዎች ልጅ ናት፤ ከሳሊማ ጋር ሳይኳረፉ የዋሉበት ቀን የለም። "የፍየሏ ነገር ድንጋይ ነው፤ ልቀሚና ጣይው" ትላለች እናቷ። ሳሊማ ከእጇ ላይ የሌለ ድንጋይ አንስታ ወደ መሬት ትወረውራለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቀኑ ይቀንሳል። ጥቁሩ ጋ ሲደርሱ ዐፊፋ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

"እዚህ ላይ አይቸኮልም። ዛሬ ምን ከበደሽ?"

ልጅቷ የከበዳትን ትናገራለች። አንዳንድ ቀን ታለቅሳለች። እናቷ እንባዋን አትጠርግላትም፤ እጆቿን ከሥር ደግፋ ትይዝላታለች እንጂ። ከዚያው ከከበዳት ነገር ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር ፈልገው ያወጣሉ። ማንጠግቦሽ አኩርፋ ስታበቃ ግማሽ ሸንኮራ ሰጥታት ይሆናል። ይህን ካገኙ በቃ፣ ቀኑ ታጥቧል፣ ይተኛሉ።

እኔ ያን ጊዜ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እሰማለሁ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ ሰው ነኝና ብዙውን ጊዜ ወርቁ ጋ ሳይደርሱ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ዐፊፋ በክረምቱ መውጫ በወባ ታመመች። መስከረም ሳይጠባ ቀበርናት። ስለዚያ ሌላ የምለው የለኝም፤ ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል።

መናገር የምፈልገው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንድ ምክር ይዞ መጣ። ስሟን ልጅቷ ፊት አታንሱ። ልብሷ ከዓይን ይራቅ። ጠርሃዋን፣ ያን ዳሩ ቢጫ የሆነ መከናነቢያዋን፣ የዐፊፋ ታላቅ ወንድም ዐብዱልቃድር ከምስማሩ ላይ አውርዶ ከሌላው ልብስ ጋር ጠቅልሎ ወሰደው። ሳሊማ "እማዬ" ባለች ቁጥር ከተቀመጡት አንዱ ብስኩት ያቀብላታል። አፏን በብስኩት ያስይዟታል። ልጄ ሞኝ አይደለችም፤ ጥቂት ቀን ብስኩት በላችና ያን ቃል ተወችው።

ሰዉ ተበትኖ ቤቱ የሁለታችን ብቻ የሆነ ማታ ነው። ፋኖሱን አበራሁ። ልተኛ ስል ዞር ብዬ ባይ ሳሊማ አንገረቡ ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ፣ ሁለት እጆቿን ገጥማ ዘርግታለች። እጇን እንደዘረጋች ጠበቀችኝ።

ምን ላድርግ? ሳያልቅ ሲተኛ የኖረ ሰው መጨረሻውን ከየት ያውቀዋል? ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁና "ገበቴሽን አምጪ" አልሁ፤ አምጥታዋለች እኮ! የዚያን ማታ ከቀብሩ ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ አወጣችው። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። እጆቿን ከሥር ደግፌ ያዝሁላት። ምን ወርቅ እንዳገኘን አላስታውስም፤ ያገኘንም አይመስለኝም። ግን እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጄ እስኪነጋ ሳትነቃ የተኛችው ያን ማታ ነው። ይህን ደግሞ ማንም አላየልኝም። ልቅሶዋን ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

የሚሰማውም ግድግዳችን ቀርከሃ ስለሆነ ነው። ቢመረግም ቀርከሃ ቀርከሃ ነው፤ ጎረቤታችን ጠጂቱ በዚያ ማዶ ስታስነጥስ እኛ ከዚህ ማዶ "ይማርሽ" እንላታለን። ጠጂቱ ከወለጋ የመጣች ጴንጤ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ቅቤ እየሸጠች ትኖራለች። በማግስቱ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት ቆማ አገኘኋት።

"አባ ሳሊማ፣ ልጅቷን መታሃት እንዴ?"

"አልመታኋትም።"

"እኔ የማውቀው ልጅ እንደዚያ የሚጮኸው ሲመታ ነው።"

"ቀኗን እያጠበች ነው።"

"ምኗን?"

ነገርኋት። ቅቤ የነካ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ወዮ! በእኛ ቤት ልጅ ሲተኛ ይዘመርለታል፣ ይጸለይለታል። አንተ ለቅሶ ታስቀምጣታለህ?"

"አንቺስ ባልሽ ሲሞት አላለቀስሽም?"

"እኔ በቀን ነው ያለቀስሁት። ማታ ከብት ይደነግጣል።"

"ከብት የለሽም።"

"ጎረቤት አለኝ!" አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ክፋት የላትም። ግን ያን የሳቀችበትን ነገር ገበያ ይዛው ሄዳ ከቅቤው ጋር አብራ ሸጠችው። ሳምንት ሳይሞላ ቁምጣ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሳይቀር "ልጅህን ምን እያደረግሃት ነው?" ይለኝ ጀመር።

ከዚያ ዐብዱልቃድር መጣ። ዐብዱልቃድር ክልሉ ሲቋቋም ከተሾሙት ያገራችን ልጆች አንዱ ነው። ያን ጊዜ አሶሳ እንደ ሙሽራ ቤት ነበረች፤ ቢሮ ይከፈታል፣ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ ወንበርና ጠረጴዛ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ለእኔም ደግ ዘመን ነበር፤ ቢሮ የተባለ ሁሉ መጋረጃ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ባልገባም ፊደል ያወቅሁት ያኔ ከመጡልኝ ሥራዎች ነው፤ የተማሪ ስም ደንብ ልብስ ላይ እየጠለፍሁ፣ "ሀ"ን በክር፣ "ለ"ን በክር። ዐብዱልቃድርም ለቢሮው መጋረጃ አዞኝ ነበር።

"መጋረጃው የት ደረሰ?" አለ በርጩማው ላይ እየተቀመጠ።

"ነገ ያልቃል።"

"ያንተ ነገር ሁሉ ነገ ነው።" ኮቱን አስተካከለ። "ስማ ሙዐዊያ፣ ልጅቷን በየማታው ታስለቅሳታለህ ይባላል።"

"አዎ።"

እንዲህ ቶሎ አዎ እንድለው አልጠበቀም።

"አዎ ማለት ምን ማለት ነው?"

"አስለቅሳታለሁ ማለት ነው።"

"የእኔን የእህት ልጅ! ሰው ምን ይላል? አሁን እኮ ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነው። ክልል ሆነናል።"

"ክልል የሆነ ሰው አያለቅስም?"

"አትቀልድ!" ብሎ ጉልበቱን መታ። "ሁለት መንገድ ነው ያለህ። ወይ አግባና ቤትህ ሴት ይግባበት፤ ወይ ልጅቷን ለእናቴ ስጥ። ሐሙስ ትመጣለች። የምትመጣውም ይዛት ልትሄድ ነው።"

የስፌት መኪናዬን አቆምሁ።

"ልጄ ናት፣ ዐብዱልቃድር።"

"እህቴም የወለደቻት ናት። ሴት ልጅ ናት እኮ! ጸጉሯን ማን ይሠራላታል?"

"እኔ እሠራለሁ።"

"ጸጉር እንደ ኪስ ይሰፋል እንዴ?"

"ከተሾምህ ወዲህ ሱሪህን ሁለቴ አስፍቼልሃለሁ። ጸጉር ከዚያ አይከብድም።"

ከንፈሩ ሊስቅ ሲል ያዘው። ተነሣና "ሐሙስ" ብሎኝ ሄደ።

ልጄን ሊወስዷት ነው። ከዚያ በኋላ የሰፋሁትን አላስታውስም፤ የዚያ ቀን ስፌት አንዱ እግሩ ያጠረ ሱሪ ሆኖ ወጣ።

እማማ ብኸይታ ሐሙስ ከሰዓት ከመንጌ በጭነት መኪና ደረሱ። አጭር ናቸው፤ ወገባቸው ከወንዝ የጎበጠ፣ የእጃቸው ቆዳ እንደ እንጨት የደረቀ። ሁለት ከረጢት ይዘዋል። አንዱ ለውዝ የሞላበት ነው። ሌላው ባዶ ነው። ባዶው ለምን እንደሆነ ሳሊማም ሳትቀር ገባት፤ ለውዙን አልነካችም።

አብረን እራት በላን። ስለ ለውዙ አዝመራ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። የዐፊፋን ስም ግን አላነሡም። ከቀብሩ ጀምሮ ጠርተውት አያውቁም፤ የግድ ሲሆንባቸው "ያቺ ልጅ" ይላሉ። ቀድሞ ተጫዋች ነበሩ፤ አሁን ፊታቸው ከደረቀ ሰንብቷል። እሳቸው አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም፤ እኛም ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በበርታ ነው። እዚህ ወደ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ከሶላት በኋላ ፋኖሱን አበራሁ። እሳቸው ሰሌኑ ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጠዋት ጠጂቱ ምክሯን ለግሳኝ ነበር፤ "ለአንድ ማታ ዝም ብትሉ ምን አለበት፣ አባ ሳሊማ? አሮጊቷ ጸጥ ያለ ቤት አይተው ይመለሱ" ብላኛለች። እውነት ነው፤ አንድ ማታ መዋሸት ቀላል ነው። ሳሊማን "ዛሬ እንግዳ አለ፣ ተኚ" ብላት ትተኛ ነበር። እማማ ብኸይታም ባዶውን ከረጢት አጣጥፈው ይሄዱ ነበር ይሆናል።

ልጄ ግን አንገረቡ ላይ ወጥታ፣ አንዴ አያቷን አንዴ እኔን አይታ፣ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች።

"ገበቴሽን አምጪ" አልሁ።

መቁጠሪያው ቀጭ ቀጭ ይል የነበረው ዘገየ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ እማማ ብኸይታ።

"ቀኗን ታጥባለች።"

"ማን ነው ያስተማራት?"

"ዐፊፋ።"

መቁጠሪያው ቆመ።

ሳሊማ ጀመረች። የማንጠግቦሽ ጫማ ተበጠሰ፤ ድንጋይ ነው፣ ጣለችው። አስተማሪዋ "ሳሊማ፣ ድምፅሽን አሰሚ" አላት፤ እሱንም ጣለችው። ትላልቁን ድንጋይ ለቅማ ስታበቃ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"እዚህ ላይ አይቸኮልም። ዛሬ ምን ከበደሽ?"

ወደ አያቷ አየች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ እማማ ብኸይታ አዩ።

"ተዋት!" አሉኝ። "ነይ የኔ ልጅ፣ ተኚ። ነገ ወንዙን አሳይሻለሁ። ክፉ ክፉውን አታንሺ፣ ተይው።"

"አትተዪው፣ ሳሊማ" አልሁ።

"ሙዐዊያ!"

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገበቴዎ ሥር ጥቁሩ አሸዋ ሲቀር ይደፉታል?"

"ምን?"

"ወንዝ ላይ። ጥቁሩን ይደፉታል ወይ?"

"አብደሃል? ጥቁሩን የሚደፋ ሰው አለ?"

"ታዲያ የልጄን ለምን ያስደፏታል?"

ፊታቸው ተለወጠ። ብድግ የሚሉ መሰለኝ።

"አንተ መርፌ ይዘህ ያደግህ ሰው ስለ ወንዝ ልታስተምረኝ ነው?"

"እኔ ወንዙን አላውቀውም። የነገረችኝ ልጅዎ ናት። እሷን አውቃታለሁ።"

እኛ ስንነታረክ ሳሊማ እጇን አላጠፈችም። በመካከላችን ተናገረች።

"ዛሬ እማዬ ስትስቅ እንዴት እንደነበረ ልሰማው ፈለግሁ" አለች። "አልመጣልኝም። ትናንት ነበረ። ዛሬ የለም። ማንጠግቦሽን ሳቂልኝ አልኳት፤ እሷ ስትስቅ እንደ ዶሮ ነው።"

ከዚያ እንባዋ ወረደ፤ እጆቿ ላይ ተንጠባጠበ። ከሥር ደገፍኋቸው። እኔም በልቤ ያን ሳቅ ፈለግሁት። ፊቷ መጣልኝ፣ ጥርሷ መጣልኝ፣ ድምፁ ግን ከእኔም ርቋል። ተናደድሁ። ሳቋን ከልጄ ጆሮ የወሰደው ሞት ብቻ አይደለም። ጠርሃዋን ጠቅልለው፣ ስሟን ቆልፈው፣ በብስኩት አፍ ያስያዙት ሰዎችም እጃቸው አለበት። ይህን ለእማማ ብኸይታ ልናገር አፌን ስከፍት ሳሊማ ቀደመችኝ።

"ሐቡባ፣ ያንቺስ? አንቺን ምን ከበደሽ? ገበቴሽን አምጪ።"

"የኔ ገበቴ መንጌ ነው ያለው" አሉ ሐቡባ የምትላቸው አያቷ።

"እጅሽን ነው የምልሽ።"

መቁጠሪያውን ሰሌኑ ላይ አስቀመጡ። ያን የእንጨት ጠርዝ የመሰለ እጃቸውን ገጥመው፣ እየፈሩ፣ ሰው እንደሚለምን ዘረጉት።

"ዛሬ" አሉ፣ "መኪናው ያን የወርቁን ወንዝ ሲሻገር ያቺን ልጅ አየኋት።" ከዚያ ስሟን ጠሩት። "ዐፊፋን አየኋት። ያን ጊዜ አንቺን ታክላለች። ገበቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻዋ የሰጠኋት ቀን ነው። ጠዋት ሙሉ የቆፈርሁትን አፈር፣ በደንብ አጥባ ጥቁሩ ላይ ስትደርስ፣ ትንሽ ዓሣ ገበቴው ውስጥ ዘልሎ ገባባት። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጥቁሩን ከነወርቁ፣ ሁሉንም ውሃ ውስጥ ደፍታ ዓሣውን ስታባርር! ዱላ ይዤ ወረድሁ። እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ዓሣውን በልብሷ ጠቅልላ፣ ምን ትለኛለች? 'እናቴ፣ ወርቁን ብትቀቅይው አይበስልም!'"

እዚህ ላይ ሳቃቸው አመለጣቸው። ትንፋሻቸውን እንደ ህቅታ ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ትንሽ ያዙት፣ ከዚያ በአፍንጫቸው ፈነዳ።

ሳሊማ ቀጥ አለች። እኔም ሳቁን አወቅሁት።

"እሱ ነው!" አለች ልጄ። "ሐቡባ፣ እሱ ነው! ድገሚው!"

እማማ ብኸይታ ሲሰርቁ እንደተያዙ ሰው አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ከዚያ እጃቸው ሥር ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ልጃቸውን ስንቀብር ያላለቀሱ ሴት ናቸው። አሁን ድምፅ አውጥተው፣ ስሟን እየጠሩ አለቀሱ፤ ዐፊፋ፣ ዐፊፋ። ሳሊማ ከአንገረቡ ወርዳ ትናንሽ እጆቿን ከአያቷ እጅ ሥር አስገብታ ደገፈቻቸው። ማንም እንባ የጠረገ የለም። ከግድግዳው ማዶ ጠጂቱ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማን።

ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። አሮጊቷ ጠዋት ሲነሡ ከማታው ይልቅ ተቆጥተው ነበር፤ ሲስቁ መያዛቸው ያናደዳቸው ይመስለኛል። ሳሊማን ጉልበታቸው ሥር አስቀምጠው እኔ የሠራሁትን ጸጉር እየፈቱ ያጉረመርማሉ።

"ይህ ጸጉር ነው ወይስ የተተረተረ ኪስ? ልጅቷም ከስታለች። ምንድን ነው የምታበላት፣ ክር ነው?"

ዐብዱልቃድር በቢሮው መኪና መጣና ከበሩ ቆመ።

"የልጅቷ ዕቃ የታል?"

"ልጅቷ አትሄድም" አልሁ።

"ተነጋግረን ነበር እኮ! እናቴ፣ አንቺ ንገሪው።"

"አንተ ዝም በል!" አሉት እናቱ። ሹሩባውን ጨርሰው የሳሊማን ራስ በእጃቸው ዳበሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው አልለሰለሰም።

"ዝናብ ሲጀምር እመጣለሁ" አሉኝ። "ያን ጊዜ አልቅሳ ካገኘኋት እወስዳታለሁ።"

ማታ ያንን ሁሉ አይተው ይህን ማለታቸው ገረመኝ። ነገር ግን ሰው ለዓመታት የኖረበትን ምክር በአንድ ማታ አይጥልም። እኔም አልለመንኋቸውም።

"አልቅሳ ያገኟታል፣ እማማ" አልሁ። "አይወስዷትም።"

ብድግ አሉ። መኪናው ውስጥ ገቡ። ባዶውን ከረጢት ግን አልወሰዱትም፤ ጠርሃዋ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ላይ አንጠልጥለውት ሄዱ።

ዐብዱልቃድር በዚያው ሳምንት መጋረጃውን ሊወስድ መጣ። አልቆ፣ ታጥፎ መደርደሪያው ላይ ነበር።

"የእህትህን ጠርሃ አምጣ፣ መጋረጃህን ውሰድ" አልሁት።

"የመንግሥት መጋረጃ ነው እኮ!"

"ጠርሃው የልጄ ነው።"

"እከስሃለሁ!"

"ክሰሰኝ። የዳኛውም ቢሮ መጋረጃ የለውም፤ ወደ እኔው ነው የሚመጣው።"

እየተሳደበ ሄደ። የቢሮው መስኮት በምዕራብ በኩል ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች። እዚያ እያላበው ስንት ቀን እንደታገሠ አልቆጠርሁለትም። በመጨረሻ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ፈታሁት። ዳሩ ቢጫ ነው። ዐብዱልቃድር ግን ወዲያው አልሄደም፤ መጋረጃውን ታቅፎ ቆሞ ጠርሃውን እያየ፣ "ይህን ከኻርጡም የገዛሁላት እኔ ነበርሁ" አለኝ። በርጩማውን ገፋ አደረግሁለት። ተቀመጠ። እሱ ስለ እህቱ ያወራኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሱ ጥቁር አሸዋ ነው።

አሁን ግንቦት ገብቷል፤ ከምዕራብ በኩል ደመና መቋጠር ጀምሯል። እንዳገባ የሚመክረኝ አሁንም አለ፤ ሳገባ አገባ ይሆናል፣ ልጄን ዝም ለማሰኘት ግን አላገባም። ጠጂቱ ልቅሶ ስትሰማ በዚያ ማዶ ሆና መዝሙሯን ትጀምራለች። ልቅሶውን ለመሸፈን ይሁን ለማጀብ አልጠየቅኋትም። ሳሊማ አንዳንድ ማታ ሳታለቅስ ታጥባለች፤ አንዳንድ ማታ ደግሞ እጆቿ እስኪርሱ ታለቅሳለች። ትናንት ማታ "የሐቡባን ሳቅ ልሳቅልህ?" አለችኝ። ሳቀችው። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበችው፣ ያዘችው፣ ለቀቀችው። የማን ሳቅ እንደሆነ ሁለታችንም አልተናገርንም።

ጠርሃዋን ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። እዚያ የነበረውን ባዶ ከረጢት አውርጄ፣ ስፌቱን ተርትሬ፣ ጨርቁን ቆርጬ የሳሊማን የደብተር ቦርሳ ሰፋሁበት። ጥሩ ጨርቅ ነው። ሁለት ኪስ አወጣሁለት፣ ከላዩም ስሟን በቢጫ ክር ጠለፍሁበት፤ ከስሟ ቀጥሎ የእናቷን ስም።

ዝናብ ሲጀምር እማማ ብኸይታ ይምጡ። ከረጢት ሳይሆን እጃቸውን ይዘው ይምጡ።